የመጨረሻዋን ቁልፍ አትንኪ

የስቲከር መቁረጫ ማሽኑ ባለፈው ሳምንት ወደ ከሰላ ተጫነ። ሲሚንቶው ላይ የአራት እግሮቹ ምልክት ቀርቷል። ምልክቱ ላይ አሁን የሰው ስልክ የሚሞላበት ጠረጴዛ ቆሟል። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ስቲከር ከማስቆረጥ ስልክ ማስሞላት ይቀድማል። ስለዚህ የሱቃችን ባለቤት ሐጅ ባቢክር ጣሪያው ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ደርድረው፣ ማሽኑን ሸጠው፣ እኔን ከጽሑፍ ሠሪነት ወደ ባትሪ ጠባቂነት አዛወሩኝ። የምቀመጥበት ወንበር ያው የድሮው ነው።

ጡረታ የወጣ ሰው የሥራ ዘመኑን ቢያወራ ያምርበታል። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ይህን እንደምጽፍ ስነግራት እናቴ «ምን ሠርተሽ ደከመሽ?» ብላ ሳቀችብኝ። ግን አንድ ሙያ ከእጄ ወጥቷል፤ ሙያውን ያስተማሩኝ ሰውም ጡረታ ላይ ናቸው። ስለ ሁለቱ እኔ ካልጻፍኩ የሚጽፍ የለም።

የተወለድኩት እዚሁ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ወላጆቼ ከጎንደር በኩል የመጡ ናቸው። ትምህርት ቤት በዓረብኛ ተማርኩ። የአማርኛ ፊደል እናቴ አስቆጠረችኝ፣ ማንበቡን ግን የለመድኩት ከድንበር በሚመጡ የጭነት መኪኖች ጀርባ ላይ ነው። ለዚህ ይሆናል ግጥም ሲባል አጭር፣ የሚንቀሳቀስና አቧራ የለበሰ ነገር የሚታየኝ።

መጀመሪያ የሠራሁት ፍርድ ቤቱ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት ነበር። አለቃዬ ሲት ነፊሳ ከማሽኑ ጋር እንደ ባልና ሚስት ይኳረፉ ነበር፤ ወረቀት ሲነክስባቸው ጀርባቸውን ያዞሩበትና እኔን «አስታርቂን» ይሉኛል። ቀጥሎ ስልክ ጠጋኝ ቤት ገባሁ። እዚያ የተሰበረ ስክሪን እንድቀይር ተቀጥሬ የሰው ስልክ ውስጥ ያለውን ሁሉ መፈታታት ስለጀመርኩ ቶሎ ተሰናበትኩ። ደሞዜን ብነግራችሁ ትስቃላችሁና ልዝለለው። የመኖሪያ ወረቀት ለማሳደስ የቆምኩበትን ሰልፍም እንዲሁ።

ከዚያ ነው ሐጅ ባቢክር ሱቅ የገባሁት። ሥራው የረክሻ፣ አገር ቤት ባጃጅ የምትሉት ተሽከርካሪ ማለቴ ነው፣ የመስታወት ጽሑፍ፣ የሱቅ ስም፣ የውሃ ታንከር ማስታወቂያ፣ በሰሊጥ ወቅት ደግሞ የጆንያ ፎርማ ነበር። ፎርማ ማለት ፊደል የተበሳበት ጠንካራ ፕላስቲክ ነው። ጆንያው ላይ ይደረግና ቀለም በላዩ ይቀባል፤ ሲነሳ የነጋዴው ስም ይቀራል።

ኮምፒውተሩ ፊት የሚቀመጡት አያ ማሩ ነበሩ።

አያ ማሩ በወጣትነታቸው መተማን ተሻግረው የመጡ፣ ኮምፒውተር ሳይታሰብ የዚህን ገበያ ግማሽ በብሩሽ የጻፉ ሰው ናቸው። ሱዳኖቹ «ዓም ማሩ»፣ አጎት ማሩ ይሏቸዋል። ቀጭን ናቸው። ሸሚዛቸው ሁልጊዜ እስከ አንገት ይቆለፋል፣ ሻያቸው ሁልጊዜ ይቀዘቅዛል። በመጀመሪያው ቀን አንድ ፊደል ስክሪኑ ላይ አስቀምጠው «ምን ይታይሻል?» አሉኝ።

«ጠ።»

«ጥቁሩን አየሽ። ነጩን እዪ። ፊደሉን የሚያቆመው በመሃሉ ያለው ነጭ ነው።»

እውነታቸውን ነበር። ፎርማ ላይ የ«ጠ» መሃል ከዙሪያው ጋር በቀጭን ድልድይ ካልተያያዘ ተቆርጦ ይወድቃል፣ ጆንያው ላይም ፊደል ሳይሆን የቀለም ጠብታ ይቀራል። ድልድዩ ከወፈረ ፊደሉ የተሰበረ ይመስላል፣ ከቀጠነ በመጀመሪያው ቀለም ይበጠሳል። አያ ማሩ ልኩን በጥፍራቸው ጫፍ ያውቁታል። እኔ ብዙ ፕላስቲክ አበላሽቼ ነው ያወቅኩት።

የረክሻ ጽሑፍ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። የእኛ አገር አቧራ ከውጭ የተለጠፈን ነገር ስለሚፍቅ ጽሑፉ የሚለጠፈው ከመስታወቱ ውስጥ ነው። ከውጭ እንዲነበብ ተገልብጦ መቆረጥ አለበት። አያ ማሩ የተገለበጠ ጽሑፍ እንደ ቀናው ያነባሉ።

ሦስት ልማድ ነበራቸው። አንዱ፣ የማሽኑ ቢላዋ ሳይወርድ ደንበኛውን ስክሪኑ ፊት አቁመው ጽሑፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ማድረግ ነው። ማንበብ የማይችል ከሆነ እሳቸው ያነቡለትና «ይኸ ነው ያልከኝ?» ይላሉ። ሁለተኛው፣ የተሠራ ሥራ አለመጣል ነው። ያለፉትን ጽሑፎች እዚያው የስክሪኑ ገጽ ጠርዝ ላይ ይደረድሯቸዋል፤ «ሰውየው ነገ ቢመለስስ?» ይላሉ። የገጹ ዳር እንደ ሴት አያት ሳጥን የሞላ ነበር። ሦስተኛው ልማዳቸው አንድ ነገር ከሠሩ በኋላ እጃቸውን ከማውሱ አንስተው ዝም ብለው ማየት ነው። ምን እንደሚጠብቁ ስጠይቅ «ይተንፍስ» ይሉኛል።

እኔ መጠበቅ አልችልም ነበር። የረክሻ ግጥም ጻፊ ሲሉኝ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ጨርሼ እሰጣቸዋለሁ። የመጀመሪያው የታተመ ሥራዬ የወጣው በአንድ ሰማያዊ ረክሻ ኋላ መስታወት ላይ ነው፦

ሦስት ጎማ አለኝ፣ አራተኛው ተስፋ፤
ቀስ ብዬ ልሂድ፣ መንገዱ እንዳይጠፋ።

አያ ማሩ አነበቡትና «ቀስ በል የሚለውን ግጥም እንዲህ በጥድፊያ የጻፈች አንቺ ብቻ ነሽ» አሉ። ግን በጥንቃቄ ቆረጡልኝ።

በሦስተኛው ዓመቴ ይመስለኛል፣ አንድ ጠዋት አያ ማሩ ቀሩ። ሌሊቱን ቀኝ ጎናቸው ዝሎ ሐኪም ቤት ገብተዋል። እግራቸው ተመለሰ፣ አንደበታቸውም ተመለሰ። ቀኝ እጃቸው ግን አልተመለሰም፤ ጭናቸው ላይ እንደ ሰው ዕቃ ይቀመጣል። ማውሱን በግራ ሲይዙት ቀስቷ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥጃ ትፈነጫለች። ለመቁረጥ የሚያስፈልጉትን ሦስት የኪቦርድ ቁልፎች አንድ ላይ መያዝ ደግሞ የማይታሰብ ሆነ።

«እኔ እሠራልዎታለሁ፣ አንቱ አጠገቤ ሆነው ይንገሩኝ» አልኳቸው።

«ነግሬ የማሠራ ከሆነማ ቤቴ ተቀምጬ በስልክ እነግርሻለሁ» አሉና ፊታቸውን አዞሩ።

ሐጅ ባቢክር ክፉ ሰው አይደሉም። የሐኪሙን ሂሳብ ማን እንደቻለ ገበያው ሁሉ ያውቃል። ነገር ግን ነጋዴ ናቸው። «ያ ማሩ» አሏቸው በዓረብኛው አጠራር፣ «የሰሊጡ ወቅት እስኪገባ እጠብቅሃለሁ። ያኔ ሥራውን በራስህ ስትሠራ ካየሁ ወንበሩ ያንተ ነው። ካልሆነ የወንድሜን ልጅ አስቀምጥበታለሁ፤ አንተን አልጥልህም፣ ሻይህን እየጠጣህ ከእኛ ጋር ትውላለህ።»

አያ ማሩን ያሳመማቸው ያ ሻይ ነው።

እኔ በዚያ ሰሞን ራሴን ኮድ አስተምር ነበር። ኢንተርኔት ሲገኝ የቆዩ የጥያቄና መልስ ገጾችን ስልኬ ላይ አወርድና ሳይኖር አነባቸዋለሁ። የዲዛይን ፕሮግራማችን ብዙውን ትእዛዝ በኮድ ይቀበላል። ገልብጥ፣ ፊደላቱን አዋህድ፣ መጠኑን ይህን አድርግ ስትሉት እሺ ይላል። ጽሑፉን ወደ መቁረጫው የሚልከውን ትእዛዝ ግን የማሽኑ ሠሪዎች ለብቻው የጨመሩት ስለሆነ ኮድ አይገባበትም። የሚከፈተው በጣት ብቻ ነው። ሦስት ቁልፍ አንድ ላይ ትይዛላችሁ፤ ትንሽ መስኮት ይከፈታል፤ በታብ ቁልፍ ከቦታ ቦታ እየዘለላችሁ ፍጥነቱንና የቢላዋውን ግፊት ትሞላላችሁ፤ መጨረሻ ላይ ኢንተር። ቢላዋው ይወርዳል።

በሩ ጣት ካልሆነ የማያስገባ ከሆነ፣ ኮዱ ራሱን ጣት ያስመስል አልኩ። የሰው ልጅ የሚነካቸውን ቁልፎች በተራ ጻፍኩለት። አያ ማሩ በግራ እጃቸው አንዲት ቁልፍ ብቻ ይነካሉ፣ የቀረውን የሐሰቱ ጣት ይጨርሰዋል። መጀመሪያ ስንሞክረው መስኮቱ በራሱ ተከፈተ፣ ቁጥሮቹ በራሳቸው ሞሉ፣ ማሽኑ ዘፈነ። አያ ማሩ ኪቦርዱን አጎንብሰው አዩት።

«ማን ነካው?»

«አንቱ።»

«እኔ አንዷን ነው የነካሁ።»

«ሌላውን ኮዱ አንቱን ሆኖ ነካልዎት።»

ሻያቸውን አነሱና ሳይቀዘቅዝ ጠጡት።

አንድ ሳምንት ያህል ነገሥታት ሆንን። ከዚያ ሐጎስ መጣ። ሐጎስ ከትግራይ ተሰድዶ መንደር 8 የስደተኞች ካምፕ ያረፈ፣ በኋላ ከተማ ገብቶ ከጓደኛው ጋር ረክሻ የገዛ ልጅ ነው። እናቱ በማግስቱ ከካምፑ በአውቶቡስ ልትመጣ ነበር። በዚያችው ረክሻ ሊቀበላት፣ ስሟንም መስታወቱ ላይ ሊያሳያት ፈልጓል። ከከሰላ ያስመጣትን ወርቃማ ስቲከር ይዞ መጣ። ለአንድ ስም የምትበቃ ቁራጭ ናት፤ ገዳሪፍ ውስጥ እንደሷ ያለ አልነበረም።

«ለተብርሃን» ሲል የእናቱን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። አያ ማሩ ቁልፏን ነኩ።

መብራት ጠፍቶ በባትሪ ነበር የምንሠራው፤ ኮምፒውተሩ በእንዲህ ያለ ቀን ይጎተታል። የሐሰቱ ጣት ግን ዕውር ነው። መስኮቱ ይከፈት አይከፈት ሳያይ በልምዱ ቁልፎቹን ነካ። መስኮቱ ገና አልተከፈተምና ታቡ ያረፈው ሥዕሉ ገጽ ላይ ነው። እዚያ ደግሞ የታብ ሥራ ከአንዱ ጽሑፍ ወደሚቀጥለው መዝለል ነው። ከለተብርሃን ተነስቶ አያ ማሩ ገጹ ዳር ካስቀመጧቸው የቆዩ ሥራዎች አንዱ ላይ ቆመ። መስኮቱ ዘግይቶ ተከፈተ፣ የመጨረሻው ኢንተር ደረሰ፣ ቢላዋው ወረደ። እኔ «አቁሙት» እስክል ወርቁ ላይ የአንድ ታንከር ጽሑፍ ተቆርጦ አለቀ፦ ቀዝቃዛ ውሃ።

ሐጎስ ቁራጩን አንስቶ አየው። «ደኅና» አለ። «ነገ እናቴ ከአውቶቡስ ስትወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ብዬ እጠራታለሁ።» ከንፈሩ ሳቀ፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

እኔ ስለ ባትሪው፣ ስለ ፍጥነቱ ማስረዳት ጀመርኩ። አያ ማሩ «ዝም በይ» አሉኝ። ክፉ ቃል ተናግረውኝ አያውቁም ነበር። ተነስተው ከመደርደሪያው ሥር የድሮ ብሩሻቸውንና አንድ ጣሳ ቢጫ ቀለም አወጡ። ረክሻዋ ውስጥ ገቡ። በግራ እጃቸው፣ ከመስታወቱ ውስጥ፣ ስሙን ገልብጠው መጻፍ ጀመሩ። መስመሩ ይወላገዳል። ግን አንድ ነገር አየሁ፤ የተገለበጠ ፊደል ለግራ እጅ ይቀለዋል፣ ከሚሄድበት አቅጣጫ ጋር አብሮ ይሄድለታል። ወጥቼ ከውጭ አነበብኩት። ተንጋድዷል፣ ግን ለተብርሃን ይላል።

በኋላ ሌላ ወርቃማ ስቲከር ሲገኝ በነፃ ልንቀይርለት ጠራነው። ሐጎስ እንቢ አለ። «እናቴ ማን ጻፈው አለችኝ፣ በአንድ እጁ የጻፈ ሰው ነው አልኳት። እንዳታስነካው ብላኛለች።»

ወርቁ በተበላሸበት ቀን ማታ ግን ወሬው ሐጅ ባቢክር ጋ ደርሷል። ዝናቡ አባርቶ፣ ሰሊጡ እየታጨደ ነው። «ከሐሙስ አያልፍም» ብለው ላኩ። «ለራሴ ጆንያ የሚሆን ፎርማ ላስቆርጥ እመጣለሁ፤ እሱ ይቁረጥልኝ፣ እኔም ልይ።»

ኮዱን ፊቴ አስቀምጬ ለረጅም ጊዜ አየሁት። ሁሉም ነገር ትክክል ነበር። ቁልፎቹም ትክክል፣ ተራቸውም ትክክል። የጎደለው በቁልፍና በቁልፍ መካከል ያለው ነበር። ጥቁሩን ጽፌ ነጩን ረስቻለሁ። እንደ ግጥሞቼ አጥድፌዋለሁ።

እንደገና ጻፍኩት። አሁን የሐሰቱ ጣት ሦስቱን ቁልፎች ከነካ በኋላ ይቆማል። ከላይ ያለው መስኮት ስም የመቁረጫው መሆኑን ያያል። ካልሆነ እንደገና ይጠብቃል፤ እስኪሆን ምንም አይነካም። ሲጠብቅ እንዳያስደነግጥ ስክሪኑ ጥግ ላይ አንዲት ቃል እንዲያሳይ አደረግኩ፦ ይተንፍስ።

አያ ማሩ ቃሏን ሲያዩ አፍንጫቸውን አሻሹ። «እሺ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ቀረሽ። የመጨረሻዋን ቁልፍ አትንኪ።»

«ኢንተሯን?»

«እሷን ለእኔ ተይልኝ።»

«ምንም እኮ አይደለችም፤ አንዴ ደርሶ ከቆመ ኮዱ ራሱ...»

«ብርቄ» ብለው በስሜ ጠሩኝ። «ቢላዋ ሲወርድ የሰው ጣት ይኑርበት። ያ ልጅ ወርቁን ያጣው በአንቺ ፍጥነት ብቻ ነው? እኔም ቁልፏን ነክቼ ሻዬን እያየሁ ነበር።»

ይህን ጨርሶ አልጠበቅኩም። የመጨረሻዋን መስመር ከኮዱ ሰረዝኩ።

ሐሙስ ሐጅ ባቢክር ነጭ ጀለቢያቸውን ለብሰው መጡ። መብራት የለም። አያ ማሩ ወንበሩ ላይ ናቸው፣ ቀኝ እጃቸው ጭናቸው ላይ። እኔን ሐጅ «አንቺ ወዲያ» አሉኝና በሩ አጠገብ ቆምኩ። ስማቸው በዓረብኛ፣ ከሥሩ ለድንበር ሾፌሮች በአማርኛ ተጽፏል። አያ ማሩ ድልድዮቹን አስቀድመው በግራ እጃቸው፣ በኪቦርዱ ቀስቶች እየገፉ፣ ቀኑን ሙሉ ፈጅተው ሠርተዋቸዋል።

ቁልፏን ነኩ። ምንም የለም።

ሐጅ ጠበቁ። ስክሪኑን አዩ፣ አያ ማሩን አዩ። «ኸላስ፣ በቃ» አሉ በሐዘን። «ቆመ።»

«ይተንፍስ፣ ሐጅ።»

«ማን ይተንፍስ?»

«ማሽኑም፣ አንተም።»

መስኮቱ ተከፈተ። ቁጥሮቹ አንድ በአንድ ገቡ። ከዚያ እንደገና ቆመ፤ ሐጅ አፋቸውን ከፈቱ። አያ ማሩ ግን ተነስተው ፕላስቲኩን አዩት፤ ከማሽኑ መያዣ ላይ ትንሽ ሸሽቷል። በግራ እጃቸው መልሰው አቃኑት። ቁልፏ ያኔ ተነክታ ቢሆን የሐጅ ስም ተንጋድዶ ነበር የሚወጣው። ተመልሰው ተቀመጡ።

«አንብብ» አሉ።

«የራሴን ስም?»

«ሰው የማይጠነቀቀው በራሱ ስም ላይ ነው። ጮክ ብለህ አንብብ።»

ሐጅ ባቢክር ጉሮሯቸውን ጠርገው ስማቸውን ከነአባታቸው አነበቡ። ያን ቀን የሱቁ ጌታ ሳይሆኑ ስሙ ሲጻፍለት ደስ የሚለው እንደማንኛውም ደንበኛ ነበሩ። አያ ማሩ የግራ እጃቸውን አመልካች ጣት አንስተው፣ ትንሽ ቆይተው፣ ኢንተርን ነኩ።

ማሽኑ ዘፈነ። ፎርማው ወጣ። ሐጅ ወደ ብርሃን አንስተው በፊደላቱ ቀዳዳ ወደ መንገዱ አዩ። «የወንድሜ ልጅ» አሉ በመጨረሻ፣ «ወላሂ፣ መኪና መንዳት ይማር።»

አያ ማሩ ከዚያ በኋላ ብዙ ወቅት ቆረጡ። የቸኮለ ደንበኛ «ፕሮግራምህ መጨረሻ ላይ ይቆማል» ሲላቸው «አዎ፣ አንተን እየጠበቀ ነው» ይሉታል። እኔም ግጥሜን ማስተንፈስ ለመድኩ። አሁን አንድ ሁለት መስመር ለመጻፍ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

አንድ ጠዋት ስገባ አያ ማሩ ቆመው ነበር። ወንበሩን በጨርቅ እየጠረጉ ነው።

«ዛሬ ወገቤን ደከመኝ» አሉ። «ተቀመጪ።»

«ለዛሬ ነው?»

«ወንበሩን ሐጅ ሊወስደው ነበር፤ አልወሰደውም። አሁን እኔ ነኝ የምሰጠው። ልዩነቱ ይገባሻል?»

ገባኝ። ተቀመጥኩ። አንድ ሾፌር ስክሪኑ ፊት ቆሞ የልጁን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። የሐሰቱ ጣት ሥራውን ጨርሶ ቆመ። አያ ማሩን አየኋቸው። ግራ እጃቸውን ከኋላቸው አድርገው ነበር።

«በይ» አሉ። «የመጨረሻዋን ቁልፍ ንኪ።»

አሁን ባሱንዳ በምትባል ከተማ ልጃቸው ዘንድ ናቸው። ስልካቸው ሲሞላ ይደውሉልኛል፤ ስላለው ሰሊጥ ያወሩኛል፣ ስላልጻፍኩት ግጥም ይወቅሱኛል። ማሽኑ መሸጡን ስነግራቸው «ከነጣቱ ነው የሄደ?» ብለው ጠየቁ። አዎ፣ ኮምፒውተሩም ኮዱም አብሮ ሄዷል አልኳቸው።

ትናንት ከከሰላ ማሽኑን የገዛው ሰው ደወለ። ሁሉም ነገር ደኅና ነው አለ። መስኮቱ ይከፈታል፣ ቁጥሩ ይሞላል፣ ግን ልክ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ብልሽቱ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ ወይ አለኝ። ከኋላው የረክሻ ሞተር ድምፅ ይሰማል፤ ደንበኛ አለው ማለት ነው።

«ደንበኛው እዚያ ነው?» አልኩት።

«አጠገቤ ቆሟል።»

«ምንም አልተበላሸም» አልኩት። «መጀመሪያ ጮክ ብሎ ያንብብልህ።»